አስማት ሳይሆን ምትሃት

አስማተኛ ብሎ የሚጠራኝን ሰው ሁሉ ሳርም ነው ያረጀሁት። «ምትሃተኛ» እላለሁ፤ «አስማት ሌላ፣ ምትሃት ሌላ።» ሰውየው እሺ ይለኛል፤ ዞር ሲል ግን «ያ አስማተኛው ሽማግሌ» ብሎ ያወራል። አስማት ደብተራ ብራና ላይ የሚጽፈው፣ በክታብ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚታሰረው ነው። ሰው ያሳብዳል፣ ትዳር ያፈርሳል ይሉታል። የኔ ሥራ ሳንቲም ከሰው ጆሮ ጀርባ ማውጣት ነው፤ የተቆረጠ ገመድ መቀጠል፣ ባዶ ጣሳ ውስጥ እንቁላል ማግኘት። ማንንም አላሳበድኩም። ይህን ልዩነት ለአቃቂ ሰው ሳስረዳ ዕድሜዬ አለቀ። ማስረዳት የነበረብኝን አንዷን ሰው ግን ያስረዳኋት መስሎኝ ተውኳት፤ እሷም ሚስቴ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው በባቡር ነው። አባቴ የፉርጎ ጠጋኝ ነበር። አንድ ቀን ከድሬዳዋ የመጣ ፉርጎ ሲጠግን ወንበር ሥር ወድቆ ያገኘውን መጽሐፍ ይዞልኝ ገባ። ሽፋን የለውም፤ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው። በየገጹ ግን እጅ ተስሎበታል። እጅ ብቻ። ሳንቲም የያዘ እጅ፣ ካርታ የደበቀ እጅ፣ ባዶ መስሎ ባዶ ያልሆነ እጅ። ከፈረንሳይኛ ሰላምታ እንኳ አላውቅም ነበር። ክረምቱን ሙሉ የመጽሐፉን እጅ በራሴ እጅ ስመስል ከረምኩ፤ ትምህርት ሲከፈት የአስተማሪዬን ጠመኔ ሰወርኩና በኩርኩም ተመረቅኩ።

ከዚያ በኋላ መሰብሰብ ያዘኝ። ያዘኝ የምለው እንደ ወባ እየተነሳ ስለሚጥለኝ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ከተቀጠርኩ በኋላ፣ የእረፍት ቀኔን የማሳልፈው ለገሃርና መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ነበር። «የእጅ ሥዕል ያለበት አለህ?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የሕክምና መጽሐፍ እያወጡ ያሳዩኝ ነበር። ሲለምዱኝ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «እጅ የለም!» ብለው ይጮኹብኛል።

አንድ ቀን አቃቂ ገበያ ኦቾሎኒ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የሰው እጅ ወጣ፤ በሁለት ጣት መሐል ቀለበት ይዟል። ኦቾሎኒውን እዚያው አፈሰስኩና ወደ ሻጯ ተመልሼ ሮጥኩ። ሴትየዋ መጽሐፉን ከፊት እየገነጠለች ነው የምትጠቀልልበት፤ ግማሹ አልቋል። የቀረውን ለምኜ ወሰድኩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከቀላል ጀምሮ ወደ ከባድ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከዚያ መጽሐፍ ከባድ ከባዶቹን ተማርኩ። ቀላሎቹን የአቃቂ ሰው ኦቾሎኒ በልቶባቸዋል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የእንጨት ሣጥን ሞላሁ። እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ ቋንቋው ምን እንደሆነ ማንም ያልነገረኝ። ከመጻሕፍቱ ጋር ሦስት የቆርቆሮ ጽዋዎች፣ የተሰነጠቀች ጥቁር ዘንግ፣ ጫፋቸው የተላጨ ካርታዎች ነበሩ። የሁሉም አለቃ ግን አንድ ፖስተር ነበር፤ ጋራዥ የነበረው ጣሊያን አገሩ ሲገባ ግድግዳው ላይ የተወው። ጥቁር ካባ የለበሰ ፈረንጅ እጁን ዘርግቷል፤ ትከሻው ላይ ቀንድ ያበቀለች ትንሽ ቀይ ሰይጣን ተቀምጣ በጆሮው ታንሾካሹክለታለች። የድሮ ምትሃተኞች ለማስታወቂያ እንዲህ ያስሉ ነበር። ፌዝ ነው። እኔ እንደ ፌዝ ነው የሰቀልኩት።

ሚስቴን ያገኘኋት እዚያው ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነው። ለአንድ ምትሃት በጣም ቀጭን ጥቁር ክር ፈልጌ ሄድኩባት።

«ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«እንዳይታይ።»

«እንዳይታይ ከሆነማ ለምን ክር ትፈልጋለህ? ያለ ክር አድርገው።»

 ክሩን ግን ሰጠችኝ፤ ከማሽኑ ላይ ሳይሆን ቤቷ በእንዝርት ፈትላ፣ በከሰል አጥቁራ። በዓመቱ ተጋባን።

አዲስ ምትሃት በተማርኩ ቁጥር የመጀመሪያዋ ተመልካች እሷ ናት። ሥራዋን ትታ ከፊቴ ትቀመጣለች። ስጨርስ «አየሽ?» እላታለሁ። ሁለት መልስ ነው ያላት። አንዳንዴ ትስቅና «ድገመው» ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ፊቷን ወደ ሥራዋ መለስ አድርጋ «አላየሁም» ትላለች። «አላየሁም» ስትለኝ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። ያለቀለት፣ የተዋጣለት ማለት ነው ብዬ ለሕዝብ የማወጣው ያንን ነበር። አንዳንዱ ምትሃቴ መድረክ ላይ እየተነቃብኝ የተሳቀብኝ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

በላብ አደሮች በዓል የፋብሪካው የኪነት ቡድን ሲያቀርብ እኔም ተራ ነበረኝ። አስተዋዋቂው ግራ ገብቶት «አሁን ደግሞ አስማተኛው ጓድ!» ብሎ ጠራኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቴ ግን አልሳቀችም። እናቷ ከገጠር መጥተው አጠገቧ ተቀምጠው ነበር፤ ቃሉን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ቤት ስንገባ «ምትሃት ነው የሚሠራው ብዬ ነግሬያቸው ነበር» አለችኝ፤ የተታለለች ትመስል ነበር። እኔ በአስተዋዋቂው ተናድጄ ስለነበር የሷን ነገር ልብ አላልኩትም።

ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። እንግዳ ሲበዛ ወንበር ከጎረቤት ትዋሳለች እንጂ እሱ ላይ ሰው አታስቀምጥም። ከፖስተሩ ትይዩ የመልአኩን ሥዕል ሰቀለች። አንድ ቀን እያጸዳች ሳለ ወደ ቀይዋ ሰይጣን በአገጯ አመለከተችና «ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ።

«ጌጥ ናት።»

«ጌጥ ከሆነች ለምን በጆሮው ታወራዋለች?»

ሳቅኩባት። ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ያ ሳቅ ነው። ሴትዮዋ ፈርታ ነው የጠየቀችኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን፣ አንዲት ልጃችንም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባች በኋላ፣ ሚስቴ ታመመች። ኩላሊት ነው አሉ ሐኪሞቹ። መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ ጸበልም ትሄድ ነበር። ጸበሉ ቦታ ያሉ አንድ ባሕታዊ «ቤትሽ ውስጥ ጽሑፍ አለ» አሏት። ሌላ ምንም አላሉም። መጽሐፍ አላሉም፣ ሣጥን አላሉም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው «ጽሑፍ» ካለ ግን ሁሉም የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ድግምት። እኔ ደግሞ ሣጥን ሙሉ ጽሑፍ አለኝ፤ ያውም ማንም በማያነበው ቋንቋ፣ ያውም ጣት በተጠማዘዘበት ሥዕል።

ከጸበል ስትመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አቃጥልልኝ» አለችኝ።

ጮኽኩባት። ደብተራ መሰልኩሽ ወይ አልኳት። አንዱን መጽሐፍ አውጥቼ «ይኸው! ሳንቲም ነው! ካርታ ነው! የት አለ ድግምቱ?» እያልኩ ገጹን ፊቷ ላይ ገለበጥኩት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ እኮ ድግምት ነው አላልኩህም» አለች ቀስ ብላ። «አንተ መተት እንደማትሠራ አውቃለሁ። ግን ሌሊት ሌሊት ሣጥኑን እያየሁ ነው የማድረው። መሞቴ ካልቀረ እየፈራሁ መሞት አልፈልግም። ይኸው ነው የምለምንህ።»

ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ለታመመ ሰው! ነገሩ ይህ ነው እንግዲህ፤ እሷ የለመነችኝ ሳትፈራ መሞት ነው፣ እኔ የማስበው ግን ስለ ወረቀት ነበር። አባቴ ከፉርጎ ያመጣልኝ መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ነው። ከኦቾሎኒ ያስጣልኩት እዚያ ውስጥ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ያስተማሩኝ እጆች እዚያ ውስጥ ናቸው። በአራተኛው ቀን «እሺ፣ ቅዳሜ አቃጥለዋለሁ» አልኳት። ያን ጊዜ ሐሳቤ ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቶ ነበር።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የወሎ ሰው ነው፣ አቃቂ ውስጥ የእህል መጋዘን ያለው። ሐሙስ ረፋድ ላይ ልጄ እናቷን ጸበል ስትወስዳት፣ መጻሕፍቱንና ዕቃዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ በባጃጅ ወደሱ ወሰድኩ። ከጤፍ ከረጢቶቹ ጀርባ ቦታ አመቻቸልኝ።

«ምን እንዳለበት አትጠይቀኝም?» አልኩት።

«ከጠየቅኩህማ ምኑን አማና ሆነ» አለኝ። «አማና ማለት አደራ ነው። እስክትመጣ እዚህ ነው።»

ቤት ተመልሼ ሣጥኑን ሞላሁት። አሮጌ ጋዜጣ፣ የፋብሪካ ማሽን መመሪያ፣ ቆጥ ላይ የተከመሩ የልጄ የተማሪነት ደብተሮች። ከላይ ግን እውነተኛ ነገር ያስፈልጋል። ምትሃት ውስጥ እውነት ካልተቀላቀለ ሰው አያምንም፤ ይህን የሚያውቀው ምትሃተኛ ብቻ ሳይሆን ውሸታም ሁሉ ነው። ስለዚህ የምታውቃቸውን የሦስት መጻሕፍት ሽፋን ገንጥዬ ከላይ ደረደርኩ። በመጨረሻ ፖስተሩን ከግድግዳ አውርጄ አጣጠፍኩት። እሱን በእውነት ሠዋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው መሐል እሳት አነደድኩ። ጋቢዋን ተከናንባ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ፖስተሩን ዘርግቼ አሳየኋትና ወረወርኩት። ቀይዋ ሰይጣን ስትኮማተር ሚስቴ አማተበች። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ ጨመርኩ። የቀረውን ከነሣጥኑ ገለበጥኩት። ነፋስ ተነሣና የተለበለቡ ወረቀቶች ግቢውን ሞሉት። እኔ በዱላ እየመለስኩ እቆሰቁሳለሁ። አንዷ ወረቀት ወደ ወንበሯ ስትበር አይቻለሁ። ጎንበስ ስትልም አይቻለሁ፤ ጫማዋን የምታስተካክል መሰለኝ።

ሲያልቅ ሄጄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ከአፌ የወጣው የለመድኩት ቃል ነበር።

«አየሽ?»

ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። «አላየሁም» አለች።

«ጭሱ ነው» አልኳት።

«አዎ፣ ጭሱ ነው።»

አልዋሽም፤ ኮራሁ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ምትሃት ያ ነበር። ሁልጊዜ የምመካበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እኔ የማታልለው ፈቅዶ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ሳይፈቅድ የሚያታልል ሌባ ነው እል ነበር። ያን ቀን እሱን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ለወራት ተሻላት። ወጥ መቅመስ ጀመረች፤ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄደች። ምትሃቴ መድኃኒት ሆነ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ድፍረቴን እዩልኝ። በየሳምንቱ ጤፍ ልገዛ ነው እያልኩ ወዳጄ መጋዘን እሄዳለሁ። ከከረጢቶቹ አጠገብ ተቀምጬ በጨርቁ ላይ የመጻሕፍቱን ጠርዝ በእጄ እዳስሳለሁ። ስወጣ ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር።

«ዛሬም ጤፍ?»

«ዛሬም ጤፍ።»

«ማሰሮው ሞልቷል እኮ» ትለኛለች።

ክረምት ሲገባ ወደቀች። የመጨረሻዋ ሰሞን እጄን ትይዝና ጣቶቼን አንድ በአንድ ትዘረጋቸዋለች፤ ተመልካች ምትሃተኛን ሲፈትሽ እንደሚያደርገው። «ባዶ ነው» ትላለች። ጨዋታ መስሎኝ እስቅላታለሁ። ስለ መጻሕፍቱ አንድም ቀን አላነሣችም። በነሐሴ ቀበርናት።

ከአርባዋ በኋላ የአቃቂውን ቤት ለቅቄ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ወዳጄ ከረጢቶቹን ይዞ መጣ፤ አራት ፎቅ ደረጃ እያለከለከ ተሸከመልኝ። «አማናህ ይኸው» ብሎ ለቅሶ እንደ አዲስ ደረሰኝና ወረደ። ልጄ ከረጢቶቹን አየች፤ አንዱን ፈታች፤ መጻሕፍቱን አወቀቻቸው። ተቃጥለዋል ብላ ታምን ስለነበር ደነገጠች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና የእናቷን የጸሎት መጽሐፍ ከነቆዳ ማኅደሩ ይዛ ወጣች። ከማኅደሩ ኪስ አንድ ወረቀት አወጣች፤ ዳር ዳሩ ተለብልቧል። የሰባት ማባዣ ነው፤ ትላልቅ፣ ጠማማ የልጅ ቁጥሮች። ጥጉ ላይ አስተማሪ በቀይ አርሞበታል።

«አባዬ» አለች፣ «ይሄ የኔ ጽሕፈት ነው። እማዬ ጋ ለምን እንደተቀመጠ ስላልገባኝ አንተን ልጠይቅህ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳት። ከረጢቱን፣ ሣጥኑን፣ ነፋሱን። እያለቀሰች አይደለም የሰማችኝ፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ቀን ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላየሁም አለችኝ።»

ልጄ ወረቀቱን አጥፋ ማኅደሩ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ትንሽ ሆኜ ሳንቲም ስትሰውርላት እጅጌህ ውስጥ ሲገባ አየሁት። እሷም አየችው፤ ዓይኗ ሲከተለው አይቻለሁ። ከዚያ ለአንተ 'አላየሁም' አለችህ። ለምን ትዋሽዋለሽ አልኳት። 'ያላየሁ ጊዜማ ድገመው እለዋለሁ' አለችኝ። 'ያየሁ ጊዜ ነው አላየሁም የምለው፤ እንዳያፍር።'»

ስንት «አላየሁም» እንዳለችኝ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አይቆጠርም። በየመድረኩ የተሳቀብኝ እነዚያ ነበሩ። ግን ያ ሁሉ ምንም አይደለም፤ እሱ ፍቅር ነው። የመጨረሻው ነው የሚያቃጥለኝ። ያቺ ሴት ከቅዳሜው ጀምሮ እስክትሞት ድረስ መጻሕፍቱ የሆነ ቦታ እንዳሉ ታውቅ ነበር። ጤፍ ልገዛ ስል የት እንደምሄድ ታውቅ ነበር። የለመነችኝ ሳትፈራ እንድትሞት ነበር፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ፣ እኔ እንዳላፍር ብላ፣ እየፈራች ሞተች። ባሕታዊው ቤትሽ ውስጥ ጽሑፍ አለ ብለዋት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ነበር፣ የሰባት ማባዣ።

መጻሕፍቱ አሁን ልጄ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። የሦስቱን ሽፋን ያ እሳት በልቶታል። ጎረቤት መጥቶ «የምን መጽሐፍ ነው?» ሲል ማረሙን ትቻለሁ፤ አስማት ነው ቢሉኝም ዝም እላለሁ። ላቃጥላቸው አስቤ ክብሪት ይዤ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። ለማን ብዬ? የሚያይልኝ ማን ነው?

ያን ቅዳሜ እሳቱ ፊት ቁጢጥ ብዬ «አየሽ?» ስላት፣ አንዴ «ድገመው» ብትለኝ ኖሮ ሁለተኛ እሳት አነድድ ነበር፣ ያን ጊዜ በእውነተኞቹ፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እንደማደርገው ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እሷ ግን እንደማደርገው እርግጠኛ ነበረች፤ ለዚህ ነው ያላለችኝ።